ናኖ ያለበት ክሬም በማን ቆዳ ላይ ተፈተሸ?

ግልጽ ደብዳቤ
ለኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በኮስሞቲክስ ውስጥ የሚገቡ የናኖ (እጅግ ደቃቅ) ቅንጣቶች በተጎዳ ቆዳ ላይም እንዲፈተሹ ስለመጠየቅ

ክቡራን ኃላፊዎች፣

መሃል አዲስ አበባ ውስጥ የምሠራ ፋርማሲስት ነኝ። ከአምባሳደር እስከ ፒያሳ፣ ከለገሃር እስከ መርካቶ ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ቅባት) የማይሸጥ ኮስሞቲክስ ቤት ማግኘት አሁን ከባድ ነው። በዚህ ደስ ይለኛል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ማድያት ያስቸገራት ሴትም፣ አልቢኒዝም ያለበት ልጅም ሰንስክሪን ያስፈልጋቸዋል። ስለዚህ ይከልከል ልላችሁ አይደለም የጻፍኩት። ይፈተሽ ነው የምለው።

ብዙዎቹ ሰንስክሪኖች ውስጥ ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ወይም ዚንክ ኦክሳይድ አለ። ሁለቱም ጨረሩን የሚያግዱ ማዕድናት ናቸው። ቅንጣታቸው ትልቅ ሲሆን ቆዳ ላይ ነጭ ሆነው ይቀራሉ። የኛ ዓይነት ቆዳ ላይ ደግሞ አመድ የተነሰነሰ ያስመስላሉ። ከ100 ናኖሜትር በታች ሆነው ሲመረቱ ግን ንጣቱ ይጠፋል። አንድ ናኖሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው፤ የአንድ ጸጉር ውፍረት 80,000 ናኖሜትር አካባቢ ይሆናል። እውነቱን ለመናገር ናኖው ከማንም በላይ የሚጠቅመው ጠቆር ያለ ቆዳ ላለን ሰዎች ነው። ሰው ፊቱ አመድ መስሎ ከቤት መውጣት ስለማይፈልግ፣ ነጭ የሚሆነውን ሰንስክሪን ገዝቶ ያስቀምጠዋል እንጂ አይቀባውም።

ታዲያ ይህ ደቃቅ ነገር ቆዳን አልፎ ይገባል ወይ? የአውሮፓ ኅብረት የሸማቾች ደህንነት ሳይንሳዊ ኮሚቴ ጉዳዩን መርምሯል። ሁለቱም ማዕድናት በናኖ መልክ እስከ 25 በመቶ ድረስ በሰንስክሪን ውስጥ ቢገቡ ለቆዳ አስጊ አይደሉም ብሏል። በስፕሬይ መልክ ወደ ሳንባ የሚገቡበትን አጠቃቀም ግን አልደገፈም። እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ የአውስትራሊያ ጥናት ላይ ፈቃደኞች ባሕር ዳርቻ ላይ ሰውነት ውስጥ ካለው ዚንክ እንዲለይ ምልክት የተደረገበት ዚንክ ለቀናት ተቀብተው ነበር። ደማቸውና ሽንታቸው ውስጥ እጅግ ጥቂት ዚንክ ተገኘ። ቅንጣቱ ራሱ ይግባ ወይስ ሟሙቶ ይግባ ግን መለየት አልተቻለም።

ይህ ሁሉ ያጽናናኛል። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የኮሚቴው ድምዳሜ የሚመለከተው ጤነኛ፣ ያልተላጠ፣ ቢበዛ ፀሐይ የመታው ቆዳ ነው። እኔ ባንኮኒ ላይ የማየው ቆዳ ብዙ ጊዜ እንደዚያ አይደለም። ፊት የሚያቀላ ክሬም ለወራት የተቀባች ሴት ትመጣለች። ክሬሙ ውስጥ ብዙ ጊዜ ክሎቤታሶል የሚባል ኃይለኛ ስቴሮይድ (የቆዳ ቁጣን የሚያበርድ መድኃኒት) አለ። ሐኪም ሳያዝ ሲቀባ ቆዳን ያሳሳል፣ መከላከያውን ያዳክማል። ፊቷ ፀሐይ መቋቋም ሲያቅተው ደግሞ ሰንስክሪን ግዢ ትባላለች። በዚያ በሳሳ ፊት ላይ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ትቀባዋለች። ጸጉር ማለስለሻ ቅባት ጭንቅላቷን ያቃጠላትም አለች። ኤግዚማ ያለበት ሕፃንም አለ። ለእነዚህ ሰዎች «አይዟችሁ፣ ተፈትሿል» ማለት አልችልም፤ ይህ ነው እንቅልፍ የሚነሣኝ።

ደቃቅ ማዕድን በቆዳ በኩል የሚያደርሰውን ጉዳት አገራችን ታውቀዋለች። ፖዶኮኒዮሲስ፣ በተለምዶ ዝሆኔ የምንለው የእግር እብጠት፣ ከእሳተ ገሞራ በመጣ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ ይመጣል። ኧርነስት ፕራይስ የተባለ ሐኪም በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ አጥንቶታል። በባዶ እግራቸው የሚሄዱ ሰዎች የሊምፍ ዕጢ ውስጥ እንደ ሲሊከንና አሉሚኒየም ያሉ የአፈር ማዕድናት ተገኝተዋል። ክሬም እንደ ቀይ አፈር ይጎዳል እያልኩ አይደለም። ቅንጣቱም፣ የመጋለጡ ዘመንም፣ የዘር ተጋላጭነቱም ይለያያል። ነገር ግን የተሰነጠቀ ተረከዝ ማዕድን ማሳለፉን እያወቅን፣ የሳሳ ፊት አያሳልፍም ብለን በግምት መቀመጥ የለብንም።

ፍተሻውም ከአቅም በላይ አይደለም። ፍራንዝ ሴል የሚባል የመስታወት ዕቃ አለ፤ የቅባት መድኃኒቶችን ለመፈተሽም ያገለግላል። ከቀዶ ሕክምና የተረፈ ቆዳ በባለቤቱ ፈቃድ ተወስዶ መሃሉ ላይ ይወጠራል። ላዩ ክሬሙ ይቀባል፤ ከታች ያለው ፈሳሽ ውስጥ በ24 ሰዓት ምን ያህል ማዕድን እንዳለፈ ይለካል። ቆዳው መጀመሪያ በፕላስተር እየተላጠ ቢሳሳ፣ እኔ የምጠይቀው ጥያቄ መልስ ማግኘት ይጀምራል።

አንድ ነገር ግን አደራ። አምራቹ የሚያቀርበው፣ ክሬሙ ቆዳ እንደማያስቆጣ የሚያሳይ የፍተሻ ወረቀት በላብራቶሪ ባደገ ቆዳ ላይ የተሠራ ሊሆን ይችላል። እዚያ ሕዋሶቹ በሕይወት መኖራቸው የሚታወቀው ቢጫ ቀለም ወደ ወይን ጠጅ ሲለወጥ ነው። አንዳንድ የናኖ ቅንጣቶች ቀለሙን ራሳቸው ይለውጡታል። ያን ጊዜ የሞተ ሕዋስ ሕያው መስሎ ይቆጠራል። ስለዚህ ያለ ሕዋስ፣ በቅንጣቱ ብቻ የተሠራ ማነጻጸሪያ ከሌለው ወረቀቱን አትቀበሉ።

ሕጉም በእጃችሁ ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ኮስሞቲክስን እንድትቆጣጠሩ ሥልጣን ይሰጣችኋል። አውሮፓ ውስጥ ከ2013 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ናኖ የሆነ ንጥረ ነገር ሁሉ በዝርዝሩ ላይ በቅንፍ «ናኖ» ተብሎ ይጻፋል። በ2024 የወጣ ደንብ ደግሞ ናኖ ወርቅን፣ ፕላቲኒየምንና ኮሎይዳል ሲልቨርን (ፈሳሽ ውስጥ የተበተነ ደቃቅ ብር) ጨምሮ ጥቂቶቹን ከኮስሞቲክስ አስወጥቷል። እነዚያ ከአውሮፓ መደርደሪያ ሲነሱ በሻንጣ ወደ እኛ እንዳይመጡ እፈራለሁ። እኔ አንድ አቅራቢን ስለሚያመጣው ሰንስክሪን «ናኖ አለበት ወይ?» ብዬ ጠይቄው «ኦሪጅናል ነው» ብቻ ነው ያለኝ። ሰውየው ሊዋሸኝ የፈለገ አይመስለኝም። እንዲያውቅ ያስገደደው አካል የለም።

ስለዚህ አስመጪ ሲያስመዘግብ ናኖ መኖሩን፣ የቅንጣቱን መጠንና ሽፋን እንዲገልጽ ይገደድ። ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ሳይሸፈን ጨረር ሲያርፍበት ሕዋስ የሚጎዱ ኦክስጅን አዘል ውህዶችን ስለሚፈጥር ሽፋኑ ቀላል ነገር አይደለም። በስፕሬይና በዱቄት የሚመጣው እስኪጣራ ይቆይ። ከሁሉ በፊት ግን ከመርካቶ ሱቆች ናሙና አንሱና ከአንድ የፋርማሲ ትምህርት ክፍል ጋር ሆናችሁ በተጎዳ ቆዳ ላይ ፈትሹ። በነጻ መስመራችሁ 8482 ላይ ለሚደውል ሰው ደግሞ የክሬም ጉዳት እንደ መድኃኒት ጉዳት ተቆጥሮ ይመዝገብለት።

መልሳችሁን በጽሑፍ እጠብቃለሁ። ደንበኞቼ እንዲያነቡት ባንኮኒው ላይ እለጥፈዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ፋርማሲስት፣ አዲስ አበባ

ግልባጭ፦
ለጤና ሚኒስቴር
ለኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት