ስለ ጉሮሮ ካንሰርና ስለ ሲቢሲ ውጤትዎ፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ጤና ይስጥልን።

ሰሞኑን አንድ ጥያቄ በዝቶብናል። የጉሮሮ ካንሰር የተገኘባቸው ደንበኞቻችን፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ ልጆቻቸው፣ የሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ) ውጤት ይዘው ወደ መስኮታችን ይመጣሉ። ኒውትሮፊሉን ለሊምፎሳይቱ አካፍለው ጨርሰዋል። ስሌቱን ከኢንተርኔት አግኝተውታል፤ ወይም ውጭ ያለ ዘመድ በቴሌግራም ልኮላቸዋል። «ከ4 በላይ ነው፤ እንግዲህ አባታችን ስንት ጊዜ ቀራቸው?» ይሉናል። «ለምን ራሳችሁ አስልታችሁ ሪፖርቱ ላይ አትጽፉትም?» ብለው የሚቆጡንም አሉ።

ቁጥሩ እንዲሁ የተፈጠረ ወሬ አይደለም። ከጀርባው ብዙ ጥናት አለ። ግን «ስንት ጊዜ ቀራቸው» ለሚለው ጥያቄ መልስ አይሆንም። ሪፖርታችን ላይ የማናትመውም ለዚህ ነው። ሰልፍ ባለበት መስኮት ላይ ይህን ማስረዳት ስለሚከብድ በደብዳቤ እናድርገው ብለናል።

ኒውትሮፊልና ሊምፎሳይት ሁለቱም ነጭ የደም ሴሎች ናቸው። ኒውትሮፊል ቁስልና ኢንፌክሽን ወዳለበት ፈጥኖ ይደርሳል። ሊምፎሳይት ደግሞ ባዕድ ወይም የተበላሸ ሴል ለይቶ ያጠቃል፤ የካንሰር ሴልንም ጭምር። ዕጢ ሲያድግ በዙሪያው ብግነት (ሰውነት ለጉዳት የሚሰጠው የመቆጣት ምላሽ) ይፈጥራል። መቅኒ ኒውትሮፊል አብዝቶ እንዲያመርት የሚገፋፉ ንጥረ ነገሮችንም ወደ ደም ይለቃል። ከኒውትሮፊሎቹ አንዳንዶቹ ጭራሽ ዕጢው አዲስ የደም ሥር እንዲያበቅል ይረዱታል። ስለዚህ ኒውትሮፊል በዝቶ ሊምፎሳይት ሲያንስ፣ ሰውነት በትግሉ እየተሸነፈ ሊሆን ይችላል። ኒውትሮፊል 6.0፣ ሊምፎሳይት 1.5 ከሆነ ሬሾው 4 ይመጣል። ያ የሚፈራው 4።

4 ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ አንድ ትንታኔ 100 ጥናቶችን፣ በድምሩ ከ40,000 በላይ የካንሰር ታካሚዎችን አንድ ላይ አየ። የጉሮሮ ብቻ አይደሉም፤ የአንጀትም፣ የሳንባም፣ የሌላም አለባቸው። እያንዳንዱ ጥናት የራሱን የመለያ ነጥብ (ከፍተኛውን ሬሾ ከዝቅተኛው የሚለይ ቁጥር) ይዞ ነው የመጣው፤ መሃል ላይ የተገኘው 4 ነበር። ከነጥቡ በላይ የነበሩት ታካሚዎች የመሞት አደጋ ከነጥቡ በታች ከነበሩት 1.81 እጥፍ ሆነ። በማንቁርትና በጉሮሮ ካንሰር ላይ ብቻ የተሠሩ ጥናቶችም ወደዚያው ያመለክታሉ።

ታዲያ 1.81 እጥፍ ማለት ከ100 ሰው 81 ይሞታል ማለት አይደለም። ሁለት ትልልቅ ቡድኖች ጎን ለጎን ሲታዩ፣ በአንደኛው ሞት ከሌላው በምን ያህል እንደፈጠነ የሚናገር ቁጥር ነው። በሁለቱም ቡድን ለዓመታት የኖሩ አሉ። በሁለቱም ቶሎ ያረፉ አሉ። አባትዎ ከየትኞቹ እንደሚሆኑ ሬሾው አያውቅም።

እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን ግን ሌላ ነው፤ እዚህ አገር ብዙም ሲወራ አንሰማውም። እነዚህ የመለያ ነጥቦች በአብዛኛው የወጡት ከእስያ፣ ከአውሮፓና ከአሜሪካ ታካሚዎች ነው። አፍሪካዊ የዘር ግንድ ባላቸው ብዙ ሰዎች ላይ ግን ምንም በሽታ ሳይኖር ኒውትሮፊል ዝቅ ብሎ ይገኛል። ነገሩ በዘር የሚወረስ ነው። ቀይ የደም ሴላቸው ላይ ዳፊ የሚባለው አንቲጅን (በሴሉ ገጽ ላይ ያለ ፕሮቲን) የሌላቸው ሰዎች በደማቸው የሚዘዋወረው ኒውትሮፊል ያንሳል፤ ኢንፌክሽን በመከላከል ግን ከማንም አያንሱም። በእስራኤል የሚሠሩ ሐኪሞች ይህን በቤተ እስራኤል ማኅበረሰብ ላይ ከቆየ ጊዜ ጀምሮ ያውቁታል። እኛም አዲስ አይሆንብንም። ለቅጥር ምርመራ የመጣ ጤነኛ ወጣት ኒውትሮፊሉ 1.4፣ ሊምፎሳይቱ 2.0 ሊሆን ይችላል። ማሽኑ «ዝቅተኛ» ብሎ ምልክት ያደርጋል፣ ልጁ ይደነግጣል፣ ግን ምንም አልሆነም።

እስቲ የዚህን ሰው እናስላ። ሬሾው 0.7 ነው። አንድ ቀን ታሞ 2.1 ቢደርስ ሦስት እጥፍ ጨመረ ማለት ነው። በቴሌግራም በመጣው ስሌት ግን ከ4 በታች ስለሆነ «ደህና» ይባላል። ከሐሰተኛ ድንጋጤ ይልቅ ይህ ሐሰተኛ እፎይታ ነው የሚያስፈራን። የደነገጠ ሰው ሐኪም ዘንድ ይሄዳል፤ እፎይ ያለ ሰው ቤቱ ይቀመጣል።

ደግሞም ሬሾው በትንሽ በትልቁ ይናጋል። የጉሮሮ እብጠት ለማስታገስ ወይም ከኬሞ በፊት የሚሰጠው ዴክሳሜታዞን በሰዓታት ውስጥ ኒውትሮፊልን ከፍ፣ ሊምፎሳይትን ዝቅ ያደርጋል። መግል የያዘ ጥርስ፣ የሳንባ ምች፣ የቀዶ ጥገና ማግስት፣ ሁሉም ያንኑ ያደርጋሉ። ኤችአይቪ ሊምፎሳይትን እንደሚያወርድ ይታወቃል። የጨረር ሕክምና ራሱ ሊምፎሳይትን ክፉኛ ያወርዳል። ስለዚህ በጨረር መሃል ተለክቶ የተሰላ ሬሾ ስለ ዕጢው ሳይሆን ስለ ሕክምናው ይናገር ይሆናል።

ሌላው ብዙ የሚጠየቀው ሄሞግሎቢን፣ ማለትም በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ንጥረ ነገር፣ ነው። ጨረር ዕጢን በደንብ የሚገድለው ኦክስጅን ሲኖር ነው፤ የደም ማነስ ያለባቸው የጉሮሮ ካንሰር ታካሚዎች ውጤታቸው ደከም ያለ እንደሚሆንም ተደጋግሞ ታይቷል። «እንግዲያው ሄሞግሎቢኑን እናሳድገው» የሚል ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም። ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2003 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት 351 የአንገት በላይ ካንሰር ታካሚዎችን በሁለት ከፍሎ፣ ለግማሾቹ ከጨረሩ ጋር ኤሪትሮፖይቲን የሚባል ደም የሚጨምር መርፌ ሰጠ። ሄሞግሎቢናቸው በእርግጥ ጨመረ። ዕጢው ግን ከሌሎቹ ይልቅ በእነሱ ላይ ባሰ፤ ዕድሜያቸውም አጠረ። የሙቀት መለኪያውን በረዶ ውስጥ ቢነክሩት ትኩሳቱ አይወርድም። ብረት ያነሰው ሰው በሐኪም ትእዛዝ ይታከም፤ ደም የሚጨምር መርፌ በራስ ምርጫ መወጋት ግን አይሞከርም።

በደም ውስጥ ያለው አልቡሚን የሚባል ፕሮቲንና ብግነት ሲኖር የሚጨምረው ሲአርፒም አሉ። ሁለቱን ይዞ የሚሠራ ግላስጎው የሚባል ነጥብ አሰጣጥ አለ፦ ሲአርፒ በሊትር ከ10 ሚሊግራም በላይ ሲሆን፣ ከዚያም ላይ አልቡሚን በሊትር ከ35 ግራም በታች ሲወርድ ታካሚው ከባዱን ነጥብ ያገኛል። ለእኛ ከሁሉም ይልቅ ይህኛው ይጠቅማል፤ አንድ የሚሠራ ሥራ ያመላክታልና። መዋጥ የተቸገረ፣ ልብሱ የሰፋው ታካሚ ጨረሩን ሳያቋርጥ እንዲጨርስ ምግቡ ቀድሞ ሊታሰብበት ይገባል። ሐኪሙ የመመገቢያ ቱቦ ቢያነሳ አይደንግጡ። ጾም ከሆነም የንስሐ አባትዎን ያማክሩ፤ ለታመመ ሰው እንዴት እንደሆነ ያውቃሉ።

ደም በትክክል ስለ ዕጢው የሚናገርበት ቦታም አለ። ከአፍንጫ ጀርባ፣ ከጉሮሮ በላይ የሚነሳው ካንሰር በአብዛኛው ኤፕስታይን ባር ከሚባል ቫይረስ ጋር የተያያዘ ነው፤ ዕጢው የቫይረሱን ዲኤንኤ ደም ውስጥ ይረጫል። በሆንግ ኮንግ ከ20,000 በላይ ጤነኛ ወንዶች በዚህ መንገድ ተመርምረው በ34ቱ ላይ ካንሰሩ ተገኝቷል፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ወጣ። ከሕክምና በኋላ ዲኤንኤው ከደም አልጠፋ ካለ በሽታው የመመለስ አደጋው ከፍ ያለ ነው። ኤችፒቪ በሚባል ቫይረስ በሚመጣው የቶንሲል አካባቢ ካንሰርም ተመሳሳይ ምርመራ ውጭ አገር ተጀምሯል። እነዚህን ሁለቱን እኛ አንሠራም። ከሲጋራ ጋር ለተያያዘው ለተለመደው የማንቁርት ካንሰር ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚፈለግ ቫይረስ የለም። አርሲና ባሌ በብዛት የሚታየው የምግብ ቧንቧ ካንሰር ደግሞ ራሱን የቻለ ሌላ በሽታ ነው፤ ሰው ሁሉንም «ጉሮሮ» ስለሚል ነው ሁልጊዜ የባዮፕሲ ወረቀቱን እንድናይ የምንጠይቀው።

«የካንሰር ፓኬጅ» ስለሚባለው። ሲኢኤ የሚባለውንና መሰል የደም የካንሰር ጠቋሚዎችን ሰብስቦ የጉሮሮ ካንሰር አለብኝ ወይስ የለብኝም ለማለት የሚያስችል የደም ምርመራ እኛ ጋ የለም። ገንዘብዎን አያባክኑ። ድምፅዎ ከሦስት ሳምንት በላይ ከሻከረ፣ ሲውጡ ካመመዎት፣ ወይም አንገትዎ ላይ የማይጠፋ እብጠት ካለ፣ ከአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ሄደው ጉሮሮዎን በመሣሪያ ይታዩ። የድምፅ አውታር ካንሰር ገና ሳይሰራጭ ሲያዝ፣ በአሜሪካ የካንሰር መዝገብ መሠረት ከ10 ሰው 8 ያህሉ 5 ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራሉ። ይህን ያህል ልዩነት የሚያመጣ የደም ቁጥር አናውቅም።

ከእንግዲህ የምናደርገውን እንንገርዎ። በሲቢሲ ሪፖርታችን ላይ የኒውትሮፊልና የሊምፎሳይት ፐርሰንት ብቻ ሳይሆን ትክክለኛ ብዛታቸው ጎላ ብሎ ይታተማል። ሬሾውን ሐኪምዎ ከፈለጉት በቀላሉ ያሰሉታል፤ ከዕጢው ደረጃና ከሌላው ሁኔታዎ ጋርም ያነጻጽሩታል። ደም ሲሰጡ ባለሙያችን ስለሚወስዱት መድኃኒት፣ በተለይ ስለ ዴክሳሜታዞንና ፕሬድኒሶሎን፣ እንዲሁም ጨረር ወይም ኬሞ መቼ እንደወሰዱ ይጠይቅዎታል። መልስዎ ሪፖርቱ ላይ ይጻፋል።

ከመታመምዎ በፊት እኛ ጋ የተሠራ ሲቢሲ ካለዎት ትልቅ ዋጋ አለው፤ ከሌላ አገር ሰው ጋር ሳይሆን ከራስዎ ጋር ያወዳድርዎታልና። የድሮ ውጤትዎን ቅጂ ያለ ክፍያ እናወጣለን። የካርድ ቁጥርዎን፣ ካልሆነም ሲመዘገቡ የሰጡትን ስልክ ቁጥር ይዘው ይምጡ። ለታመመ ቤተሰብ የሚያወጡ ከሆነ የታካሚው ፈቃድ በጽሑፍ ያስፈልጋል።

ከአክብሮት ጋር፣
የላብራቶሪው ባልደረቦች
አዲስ አበባ