የሞተው ባትሪ የት ይጣል?

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ጎንደር ፒያሳ ሞባይል ቤቶች ውስጥ የሞተ ባትሪ በየካርቶኑ ታጭቋል። ቆራሌው መዳቡን እንጂ ባትሪውን አይፈልገውም፤ መጨረሻው ቆሻሻ ገንዳ ነው። ውስጡ ግን ሊቲየም አለ፣ ብዙ ጊዜ ኮባልትም። ዓለም ለኤሌክትሪክ መኪና የሚሻማበት ማዕድን ማለት ነው። እኛም በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክለናል፤ በምትኩ የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ባትሪም ነገ ያረጃል። የተባበሩት መንግሥታት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2022 ከተጣለው 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ በወጉ ተሰብስቦ ጥቅም ላይ የዋለው ሩቡን እንኳ አይሞላም። ማቅለጫ ይተከልልን አላልኩም፤ ሰፈር ውስጥ ማቃጠልማ መርዝ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ የባትሪ መሰብሰቢያ ሣጥን ያስቀምጥ። ለሚያመጣ ቆራሌም በኪሎ ይክፈል፤ በነጻማ ማን ይለፋል? የተሰበሰበው ማዕድኑን ማውጣት ለሚችል ፋብሪካ፣ ውጭ አገርም ቢሆን፣ ይሸጥ።

አንድ የአዘዞ ነዋሪ