ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ»፦ የድራማ ክበባችን በ2017 ዓ.ም.

ዘንድሮ የድራማ ክበባችን የሠራው የአየርላንዳዊውን ደራሲ የኦስካር ዋይልድን «ዘ ኢምፖርታንስ ኦፍ ቢዪንግ ኧርነስት» የተባለ ኮሜዲ ነው። ገና በጥቅምት ወሬው ሲሰማ «የእንግሊዝ ጌቶች ቀልድ ለእኛ ልጆች ምን ይፈይዳል?» ያሉኝ ባልደረቦች ነበሩ። ተገቢ ጥያቄ ነው። በወላጆች ቀን አዳራሽ የነበራችሁ መልሱን በዓይናችሁ አይታችኋል። ላልነበራችሁ ልንገራችሁ።

ትያትሩ መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1895 ለንደን፣ ሴንት ጀምስ ቲያትር ነው። ተመልካቾቹ አብዛኞቹ የተከበሩ፣ የደላቸው ሰዎች ነበሩ። የሚሳቅባቸውም እነሱው ናቸው። ጃክ የሚባል ወጣት ገጠር ሲሆን በአንድ ስም፣ ለንደን ሲገባ ደግሞ «ኧርነስት» በሚል ሌላ ስም ይኖራል። ይህ ስም በእንግሊዝኛ ሲጠራ «ከልቡ የሆነ፣ የማያስመስል» ከሚለው ቃል ጋር አንድ ነው። በአማርኛ እንዴት እናምጣው? ሁለት ዓርብ ፈጀብን። በመጨረሻ አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ እውነቱ ብንለውስ?» አለ። አለቀ። ውሸታሙ ሰውዬ «እውነቱ» ተባለ። ሰምና ወርቅን ለፈተና የሸመደዱ ልጆች ያን ቀን ራሳቸው ሠሩት።

የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት በንባብና በትርጉም አለፈ። የካቲት 7 ትያትሩ 130 ዓመት የሞላው ቀን ነበር። ዓርብ ላይ ስለዋለ አከበርነው። በታሪኩ ውስጥ የጃክ ጓደኛ አልጀርኖን ለአክስቱ የተዘጋጀውን የኪያር ሳንድዊች ብቻውን ይጨርሰዋል። እኛም ኪያሩን ስስ ስስ አድርገን ቆርጠን በዳቦ በላነው። ጾም ስለነበር ቅቤውን ተውነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ሌዲ ብራክኔል የልጇን እጅ የጠየቀውን ጃክን ማስታወሻና እርሳስ ይዛ ትመረምረዋለች። ሲጋራ እንደሚያጨስ ሲነግራት ደስ ይላታል። ወንድ ልጅ አንድ ሥራ ያስፈልገዋላ! ገቢው ጥሩ ነው። ለንደን ውስጥ ቤት አለው። ከዚያ ወላጆቹን ትጠይቀዋለች። ሁለቱንም አጥቻለሁ ይላታል። አንዱን ማጣት መጥፎ ዕድል ነው፣ ሁለቱንም ማጣት ግን ዝርክርክነት ይመስላል ብላ ትመልስለታለች። ኋላም ሕፃን ሳለ ቪክቶሪያ ባቡር ጣቢያ፣ ዕቃ ማስቀመጫ ክፍል ውስጥ፣ በእጅ ቦርሳ ተገኘሁ ብሎ እውነቱን ይነግራታል።

በእንግሊዝኛው «አንተ» እና «እርስዎ» አንድ ቃል ናቸው። ስንተረጉም ሙሉውን በ«እርስዎ» ጻፍነው። ሌዲ ብራክኔልን የተጫወተችው የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ክፍል ውስጥ ድምጿን ሰምቼ አላውቅም ማለት እችላለሁ። መድረክ ላይ ቁጭ ብላ «ገቢዎ ስንት ነው? ቤትዎ የት ነው?» እያለች በትሕትና ጠየቀችው። ቦርሳው ሲጠቀስ እርሳሷ ቆመ። ቀና አለች። ዝም አለች። አልጮኸችም። ቀስ ብላ፣ «ቦርሳ ውስጥ ነው የተገኘኸው... አንተ?» አለች።

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ይስቁ ነበር። እኔ መጋረጃው ጋ ቆሜ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ያ «አንተ» በጽሑፋችን ላይ የለም። በኋላ ለምን እንደቀየረችው ጠየቅኳት። «ቲቸር፣ ዘመድ የሌለው ሰው እርስዎ ሲባል ሰምተው ያውቃሉ?» አለችኝ።

ምንም አልመለስኩላትም። በሚቀጥለው ዓርብ ግን ለሁሉም የደራሲውን መጨረሻ ነገርኳቸው። ትያትሩ እየታየ ሳለ በዚያው ዓመት ኤፕሪል ዋይልድ ታሰረ። ስሙ ከማስታወቂያው ላይ ተነሳ። ብዙም ሳይቆይ ትያትሩ ተዘጋ። ትናንት ያጨበጨቡለት ሰዎች እሱንም ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» አወረዱት። ልጆቹ ያለእኔ እርዳታ አገናኙት።

ችግርም ነበረብን። ጃክን ሲለማመድ የቆየው ልጅ በመንፈቁ ትምህርት ቤት ቀየረ። በወላጆች ቀን ሻይ የሚጠጡበት ትዕይንት ላይ መብራት ጠፋ፤ በስልክ መብራት ጨረስነው። ለስኳር የሚሆን እንክብል ስላላገኘን ጠመኔ ሰባብረን አራት አራቱን ስኒው ውስጥ ጨመርን። አንድ የጽሑፍ ኮፒ ለአራት ልጆች ነበር። ለስፖርት ቡድኖቻችን መለያ መገዛቱ ከልብ ደስ ብሎናል። የእኛዋ ሌዲ ብራክኔል ግን የአያቷን ካባ ተውሳ ነው መድረክ የወጣችው። ድርሰቱ ከቅጂ መብት ነፃ ስለሆነ የምንከፍለው የለም። የጠየቅነው መጋረጃ፣ ሁለት ማይክሮፎንና የኮፒ ወረቀት ነው። ሦስት ጊዜ ጽፈናል።

ለ2018 የበጅሮንድ ተክለሐዋርያት ተክለማርያምን «ፋቡላ» መርጠናል። በአውሬዎች ተመስሎ የዘመኑን ሹማምንት የነካ፣ በዚህም የተነሳ የታገደ የእኛው ኮሜዲ ነው። አሥራ አንድ ልጆች ከወዲሁ ተመዝግበዋል። የአውሬዎቹን ጭንብል መሥራት የምትችሉ፣ አሮጌ ጨርቅና ካርቶን ያላችሁ ወላጆች ዓርብ ከ9 ሰዓት ጀምሮ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለው ክፍል ታገኙናላችሁ።