ፀረ መርዙ የት እንዳለ በር ላይ ይጻፍልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። ጡረታ የወጣሁ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ቤቴ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከእንጦጦ ግርጌ ነው። ጠዋት ጠዋት ወደ ኪዳነ ምሕረት የሚወስደውን ዳገት እወጣለሁ። ሐኪም ነው ያዘዘልኝ፤ እኔ ግን ለወሬውም ስል እሄዳለሁ። ዛሬ የምጽፈው ስለ እባብ ነው። ቁርስ እየበላችሁ የምታነቡ ካላችሁ ይቅርታ።

የከተማው ሰው ደን መውደድ መጀመሩ ደስ ይለኛል። የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ከተመረቀ ወዲህ ቅዳሜና እሑድ ዳገቱ በስፖርት ጫማ ይሞላል። የካ ተራራ የሚወጣ አለ። ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል የሚሄድ አለ። መኪና ያለው መናገሻ ሱባ ድረስ ይዘልቃል። ስለ እባብ ያለን ዕውቀት ግን ከአያቶቻችን አልተሻለም። እንዲያውም እነሱ ይሻሉ ነበር፤ ቢያንስ የቱን እንደሚፈሩ ያውቃሉ።

በቅርቡ አንድ እሑድ ሃይኪንግ የወጡ ወጣቶች መንገድ ዳር ተሰብስበው ሲጮኹ ደረስኩ። አንዱ ድንጋይ ይወረውራል። አንዷ በስልኳ ትቀርጻለች። «ጋሼ፣ ይራቁ! እፉኝት ነው!» አሉኝ። እባቡ አልቆለታል። ቀጭን፣ ቡናማ፣ ከአንገቱ እስከ ጭራው ፈዘዝ ያሉ መስመሮች የወረዱበት። እፉኝት ወፍራምና አጭር ነው፤ ጭንቅላቱ ሰፊ፣ አንገቱ ቀጭን። ይኼ የደጋ እባብ ነው። ሳይንሱ ፕስዩዶቡዶን የሚለው ወገን ነው። ሰው የሚጎዳ መርዝ የለውም። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በስተቀር በዓለም ላይ የትም አይገኝም። ጭላዳን ለማየት ብር የሚከፍል ሰው ይህንን በድንጋይ ይጨፈልቃል።

ይህንኑ ስነግራቸው አንዱ ሳቅ አለና «ጋሼ፣ እባብ እባብ ነው» አለኝ። አልፈርድበትም። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» እየተባለ ያደገ ልጅ ነው። በዚያ ላይ ቪዲዮው ጥሩ ላይክ ያመጣል።

ለእባብ ጥብቅና ለመቆም ግን አይደለም ብዕር ያነሳሁት። በዚያች ሰዓት ቅጠል የተሸከሙ አንዲት እናት ከኋላችን መጡ። ሸክማቸውን ድንጋይ ላይ አሳርፈው ትንሽ ቆሙ። የሞተውን እባብ አዩና ምንም አልመሰላቸውም። «ይኼማ ምን ያደርጋል፣ ጋሼ። እኛን የሚያስፈራን ቅጠሉ ውስጥ የተኛው ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ለእንጀራ ምጣድ የምንገዛውን የባሕር ዛፍ ቅጠል የሚሰበስቡት በእጃቸው ነው። ጎንበስ ብለው ክምሩ ውስጥ እጃቸውን ይከታሉ። ጓንት የለም። እግራቸው ላይ ያለው ኮንጎ ጫማ ነው። ሃይከሩ እባብ ቢያይ ከሩቅ ነው፤ ቦት ጫማም አድርጓል። አደጋው ያለው እጁ ቅጠል ውስጥ የገባው ሰው ዘንድ ነው። ሌሊት ተነስተው በባዶ እግራቸው ወደ ጠበል የሚወጡትንም አልረሳኋቸውም። ብዙ እባብ፣ እፉኝትን ጨምሮ፣ መንቀሳቀስ የሚወደው በምሽትና በሌሊት ነው።

ጉዳዩን ማጋነንም አልፈልግም። የእንጦጦ ጫፍ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ብርድ ነው። እባብ ሙቀቱን የሚያገኘው ከውጭ ስለሆነ እዚያ ላይ ብዙም አይመቸውም። በአገራችን ካሉት እባቦችም አብዛኞቹ ለሰው አደገኛ አይደሉም። ቁልቁል በወረድን ቁጥር ግን ነገሩ ይለወጣል። አቃቂን አልፈን ወደ ዱከምና ወደ ቢሾፍቱ ስንሄድ አገሩ ይሞቃል፤ የሚያሰጋው ዓይነትም ይጨምራል። ከተማው ደግሞ እየሰፋ ያለው ወደዚያው ነው። ትናንት የጤፍ ማሳና የድንጋይ ካብ የነበረው ዛሬ ኮንዶሚኒየም ሆኗል። አይጥ ባለበት እባብ አለ። ቆሻሻ ባለበት አይጥ አለ።

የአክስቴ ልጅ ቤቷ ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ ነው። ለአጥር የሚሆን ድንጋይ ከአሮጌ ካብ ስታነሳ ጣቷን ነደፋት። እባቡን አይታዋለች። ወፍራም፣ አጭር፣ እንደ ወናፍ ትንፋሹ የሚሰማ። እኔ ሲነገረኝ እፉኝት መሆኑን ጠረጠርኩ። እፉኝት ሰው ሲመጣ አይሸሽም፤ በቀለሙ ተማምኖ ዝም ብሎ ይተኛል። ሰው ሊረግጠው ወይም ሊነካው ሲል ነው የሚነድፈው። (እፉኝት የእናቷን ሆድ ቀዳ ትወለዳለች የሚባለው ተረት ነው። እንቁላል ሳትጥል ልጆቿን በሕይወት መውለዷ ግን እውነት ነው፤ ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 40 የሚደርሱ።)

ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዱ ነጠላ ቀዶ ክንዷን ጥብቅ አድርጎ አሰረ። ሌላው በምላጭ እንብጣው አለ። ደግነቱ ምላጩ አልተገኘም። ከዚያ ጥቁር ድንጋይ የሚያውቅ ሰው ይጠራ ተባለ። ሰውየው እስኪመጣ፣ ድንጋዩ ጣቷ ላይ ተጣብቆ እስኪወድቅ ሰዓታት አለፉ። እጇ እስከ ክርኗ አበጠ። የጋብቻ ቀለበቷ ሥጋዋ ውስጥ ገባ። ከዚያ በኋላ ነው ታክሲ የተፈለገው። የመጀመሪያው ጤና ተቋም «እኛ ጋ ፀረ መርዝ የለም» አለ። ሁለተኛውም የለም አለ፤ የት እንዳለ ግን አልነገረም። በስልክ ዘመድ ለዘመድ እየተጠያየቀ ነው በመጨረሻ የተገኘው። ቀለበቱ በመቁረጫ ተቆረጠ። እሷ ተረፈች። ጣቷ ግን ዛሬም አይታጠፍም። እንጀራ የምትጋግረው በግራ እጇ ነው።

የተቋማቱን ስም አልጠራም። ጥፋቱ የአንድ ሆስፒታል ቢሆን ኖሮ ደብዳቤ አልጽፍም ነበር።

ጥቁር ድንጋይ የሚባለው የተቃጠለ አጥንት ነው። ቁስል ላይ የሚጣበቀው እርጥበት ስለሚመጥ እንጂ መርዝ ስለሚስብ አይደለም። መርዙ በጥርስ ተወግቶ ቆዳ ስር ገብቷል፤ ከዚያ ድንጋይ አያወጣውም። ታዲያ ለምን ይታመናል? ያዳነ ስለሚመስል ነው። ከሚነድፈን እባብ ብዙው መርዝ የለውም። መርዛማውም ቢሆን አንዳንዴ ነክሶ መርዙን ሳይለቅ ይሄዳል። እነዚያ ሰዎች ምንም ባይደረግላቸውም ይድኑ ነበር፤ ምስጋናው ግን ለድንጋዩ ይሄዳል። የሞተው ደግሞ «ቀኑ ደርሶ ነው» ይባላል።

ጥብቅ አድርጎ ማሰርም እንዲሁ ነው። የእፉኝት መርዝ ሥጋ ያበሰብሳል። ሲታሰር ደም ይቋረጥና ጉዳቱ ይብሳል። መበጣት፣ በአፍ መምጠጥ፣ በእሳት መተኮስ፣ ሁሉም ሌላ ቁስል ይጨምራሉ። የሚጠቅመው ቀላልና አሰልቺ ነገር ነው። የተነደፈው ሰው ይረጋጋ። ቀለበት፣ ሰዓት፣ አምባር ወዲያው ይውለቅ። የተነደፈው እጅ ወይም እግር እንደተሰበረ አጥንት በእንጨት ይደገፍና እንዳይንቀሳቀስ ይደረግ። ሰውየው አይራመድ፤ ተሸክማችሁ ውሰዱት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። እባቡን ገድዬ ላምጣ ብሎ መሯሯጥ ሁለተኛ ሰው ማስነደፍ ነው። ከሩቅ ፎቶ ከተገኘ ጥሩ፣ ካልተገኘም ይቅር። የዓይኑ ቆብ ከወደቀበት ወይም መዋጥና መተንፈስ ከከበደው መርዙ ነርቭ የሚያጠቃ ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ደቂቃም አይባክን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የእባብ መርዝ የሚመክነው ሐኪሞች አንቲቬኖም በሚሉት ፀረ መርዝ ነው። የሚሠራው ፈረስን ጥቂት በጥቂት መርዝ እያለማመዱ፣ ከደሙ መከላከያውን በመውሰድ ነው። ለአፍሪካ እባብ በአፍሪካ እባብ መርዝ የተሠራ ያስፈልጋል። ለሕንድ እባብ የተሠራው እዚህ አይሠራም። ዋጋው ውድ ነው። ብዙው ዓይነት ማቀዝቀዣ ይፈልጋል። ከባድ አለርጂ ሊያስነሳ ስለሚችልም ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ ሐኪም ባለበት ነው የሚሰጠው። ስለዚህ በየሱቁና በየፓርኩ በር ይቀመጥ አልልም። አንድ የፈረንሳይ ኩባንያ ለአፍሪካ ያመርተው የነበረውን እ.ኤ.አ. በ2014 አቁሟል፤ የመጨረሻው ክምችት በ2016 አገልግሎቱ አብቅቷል። እጥረቱ የእኛ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ የእባብ ንድፊያን ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች መዝገብ ውስጥ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። በድርጅቱ ግምት በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ81,000 እስከ 138,000 ሰው በእባብ ይሞታል።

እጥረት ባለበት አገር ደግሞ ዋናው ነገር ያለው ፀረ መርዝ የት እንደሚገኝ ማወቅ ነው። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም። አንድ ሰሌዳና ቀለም ይበቃል። በፓርኩ በር፣ በደኑ መግቢያ፣ በጠበሉ መንገድ፣ በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ ወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ላይ፣ «በእባብ የተነደፈ ሰው ወደዚህ ሆስፒታል ይወሰድ፤ ስልኩ ይህ ነው» ተብሎ ይጻፍ። ክምችቱ ሲያልቅ ሰሌዳው ይስተካከል። እኔ እስካሁን የሄድኩባቸው ደኖች በር ላይ ያየሁት የመግቢያ ዋጋና «ቆሻሻ መጣል ክልክል ነው» የሚል ነው።

በየጤና ጣቢያው የሚሠራ አንድ ምርመራም አለ፤ ላቦራቶሪ እንኳ አይፈልግም። ንጹሕና ደረቅ የብርጭቆ ቱቦ ውስጥ ጥቂት ደም ይቀዳል። 20 ደቂቃ ሳይነካ ይቀመጣል። ከዚያ ዘንበል ይደረጋል። ደሙ ካልረጋ መርዙ ሥራውን ጀምሯል ማለት ነው። ነርሷ ይህን ካወቀች በሽተኛውን ቶሎ ወደ ትክክለኛው ቦታ ትልካለች። ከረጋም ግን ዝም ብላ ወደ ቤት አትመልሰው፤ እብጠቱንና ትንፋሹን እየተከታተለች ደግማ ትመርምር።

ቅጠል ለሚሰበስቡት እናቶች ደግሞ ጓንትና ረጅም የባላ እንጨት የሚገዛላቸው በጎ አድራጊ ቢገኝ ደስ ይለኛል። ክምሩን መጀመሪያ በእንጨቱ ገለጥ ገለጥ ማድረግ ይበቃቸዋል። ሃይከሮቹ ግንድ ሲያጋጥማቸው ዘለው አይሻገሩት፤ ላዩ ላይ ወጥተው ከወዲያ ያለውን አይተው ይውረዱ። ምሽት የሚሄድ ባትሪ ይያዝ። መንገድ ላይ እባብ ያገኘ ቆም ብሎ መንገዱን ይልቀቅለት፤ ራሱ ይሄዳል።

ዝግጅት ክፍሉን የምለምነው አንድ ነገር ነው። የጤና ቢሮዎቹን ጠይቁልን፤ የአዲስ አበባውንም፣ የዙሪያውንም። ፀረ መርዝ ያላቸው የትኞቹ ናቸው? ሌሊትስ ይሰጣሉ? ዋጋውስ ስንት ነው? መልሱን እንዳገኛችሁ አትሙልን። እኔ ገጹን ፎቶ ኮፒ አስደርጌ ከፈረንሳይ እስከ ኪዳነ ምሕረት ባሉት ሱቆች ሁሉ እለጥፋለሁ። የሱቆቹን ባለቤቶች አናግሬያለሁ፤ እሺ ብለውኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛው መምህር፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን