ለአብሮ አደጌ፣ ስለ ጋሼ ሕክምና

ድሬዳዋ፣ ከዚራ

ሙሌ፣

አቦ፣ ምን ዋጠህ? እኔም ጠፍቻለሁ፤ ስለ መጠፋፋቱ ሌላ ቀን እንወቃቀሳለን።

ጋሼ በደም ካንሰር መታመማቸውን ከእህትህ ሰማሁ። እግዜር ይማራቸው። የምድር ባቡር ጓደኞቻቸው ባዩኝ ቁጥር ይጠይቁኛል። ሐኪሞቹ አዲስ የመድኃኒት ቅንጅት እንሞክር ሲሏቸው «እኔ የሙከራ አይጥ ነኝ?» አሉ አሉ። ጋሼ መሆናቸውን በዚህ አወቅኩ! ግን ፋርማሲስት ነኝና የማውቀውን ልንገርህ።

አጣዳፊ የደም ካንሰር አንድ መድኃኒት ብቻ ሲሰጠው ሸሽቶ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ቦስተን ውስጥ ዶክተር ሲድኒ ፋርበር ለሕፃናት አሚኖፕተሪን ሰጠ። ደማቸው ተስተካከለ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ግን በሽታው ተመለሰ። በ1960ዎቹ ሌሎች ሐኪሞች አራት መድኃኒት ባንድ ላይ ሞከሩ፦ ቪንክሪስቲን፣ ሜቶትሬክሴት፣ መርካፕቶፑሪንና ፕሬድኒሶን። ከአንዱ ያመለጠውን ሴል ሌላው ያገኘዋል፤ ነገሩ ይኸው ነው። ያኔ «ልጆቹን መመረዝ ነው» ያሉ ሐኪሞች ነበሩ። ዛሬ በሀብታም አገሮች ሊምፎብላስቲክ የሚባለው ዓይነት ከያዛቸው 10 ልጆች 9 ያህሉ ይድናሉ።

የጋሼ ግን ማይሎይድ የሚባለው ነው፤ ይበልጥ አዛውንቶችን የሚይዘው። በሳቸው ዕድሜ ጠንካራውን ኬሞ መቋቋም ይከብዳል። ለእንዲህ ዓይነት ሰዎች አዛሲቲዲን በሚባለው ቀለል ያለ ኬሞ ላይ ቬኔቶክላክስ ተጨመረ። ቬኔቶክላክስ የካንሰሩን ሴል ከመሞት የሚከላከልለትን ፕሮቲን የሚያግድ ክኒን ነው። በ2020 የወጣው ጥናት 431 ሕሙማን ነበሩበት። አዛሲቲዲን ብቻ ከወሰዱት ግማሾቹ ከ9.6 ወር በላይ ኖሩ፤ ሁለቱን ከወሰዱት ግማሾቹ ከ14.7 ወር በላይ። ትንሽ ነው ትለኝ ይሆናል። ለእኔ አምስት ወር ከልጅ ልጅ ጋር ትንሽ አይደለም። ጉዳትም አለው፤ ነጭ የደም ሴል ስለሚያንስ ትኩሳትና ኢንፌክሽን በዛ።

እህትህ እንዳለችኝ አሁን የሚሞከረው በነዚህ ሁለቱ ላይ ሦስተኛ መጨመር ነው። ስለዚህ ሐኪሙን ይህን አጥብቀህ ጠይቅ፦ አዲሱ መድኃኒት ያልደረሰው ሰው ምን ይሰጠዋል? ሁለቱን ካገኘ፣ በአዲሱ ፋንታ ለማወዳደሪያ የሚሰጠው ባዶ ክኒን የሚባለው የሚያስፈራውን ያህል አያስፈራም። ሙከራው የስንተኛ ደረጃ እንደሆነም ጠይቅ። መጀመሪያው ላይ የሚፈተሸው ስንት ሚሊግራም ያለ ጉዳት ይወሰዳል የሚለው ነው፤ ይጠቅማል አይጠቅምም የሚለው በኋላ ነው የሚለየው። ጋሼም ከፈረሙ በኋላ በፈለጉት ቀን «በቃኝ» ማለት ይችላሉ። ይህን ሳይሰሙ እምቢ ማለታቸው ነው ያናደደኝ።

ፈረንሳይኛ የሚችል ሐኪም ካለ እሱ ያስረዳቸው፤ በፈረንሳይኛ የተነገራቸውን ነው የሚያምኑት! አንተ ደግሞ የስምምነት ቅጹን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። ከመፈረማቸው በፊት እንድንደዋወል።

ወንድምህ፣
ቢኒያም