የክትትል መረጃን ለዓመታት በዳታቤዝ ስለ ማቆየት ለወዳጄ የተጻፈ ደብዳቤ

ውድ ወዳጄ፣

እንደምን ከርመሃል? ቤተሰብህስ ደኅና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ከተጻጻፍን ረጅም ጊዜ ሆኖናል፤ ናፍቆቴን ሁሉ በዚህ ወረቀት ልጨርሰው አልችልም። በላክህልኝ መልእክት የጠየቅኸኝ ጉዳይ ግን ለእኔም እጅግ የምወደው ነገር ስለሆነ፣ በሁለት መስመር መልስ ልሸኘው አልወደድሁምና ሰፋ አድርጌ ጽፌልሃለሁ።

የክትትል ሶፍትዌሩ የማሽኖቹን ሙቀት፣ ግፊትና ንዝረት በስክሪን ላይ እያሳየ የተወሰነ ጊዜ ሲያልፍ አሮጌውን እንደሚደመስሰው፣ አንተም ይህን መረጃ ወደ ዳታቤዝ እያስተላለፍህ ለዓመታት ልታቆየው እንደምትፈልግ ነግረኸኛል። ሐሳብህ ትክክል ነው። እንዲህ ያሉ ሶፍትዌሮች የተሠሩት በዋናነት ዛሬን ለማሳየት ነው፤ ለምሳሌ ፕሮሜቲየስ የተለየ ትእዛዝ ካልተሰጠው በራሱ ዲስክ ላይ የሚያቆየው የ15 ቀን መረጃ ብቻ ነው። ማሽን ከተበላሸ በኋላ ግን የሚፈለገው ከወራት በፊት ቀስ በቀስ ከፍ እያለ የመጣው፣ ያኔ ማንም ልብ ያላለው ንዝረት ነው።

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልንገርህ። ሁለቱን ማገናኘት ብዙ የሚያደክም ሥራ አይደለም። የማኅደሩ ዋጋ የሚታወቀው ግንኙነቱ በተቋረጠባቸው ሰዓታት በሚሆነው ነገር ነው፤ መቋረጡም አይቀርም። ስለዚህ እያንዳንዱን ውሳኔ ስትወስን ያንን ሰዓት በዓይነ ኅሊናህ እያየህ ይሁን።

ዳታቤዙን የሚያስተዳድረው ሶፍትዌር ፖስትግሬስ ስለሚሆን በእርሱ ላይ ልናገር። ለግንኙነቱ የሚያስፈልጉት የሰርቨሩ አድራሻ፣ ፖርቱ (ካልቀየርኸው 5432)፣ የዳታቤዙ ስም፣ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ናቸው። ፖስትግሬስ ሲጫን የሚያዳምጠው ከራሱ ኮምፒውተር የሚመጣውን ጥያቄ ብቻ ስለሆነ፣ የማዳመጫ አድራሻውን ከከፈትህ በኋላ ፒጂ ኤችቢኤ በሚባለው የፈቃድ ፋይል ውስጥ ንባቡን፣ ማለትም የሴንሰሮቹን ልኬት፣ የሚልከውን የሰብሳቢውን ፕሮግራም ኮምፒውተር አድራሻ ብቻ አስገባ። ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅልን ብለው ለመላው ኔትወርክ የሚከፍቱትን ሰዎች አትከተል፤ ለጊዜው ተብሎ የተከፈተ በር ተመልሶ ሲዘጋ ብዙም አላየሁም።

ተጠቃሚዎቹንም ለያይ። ሰንጠረዦቹን የሚፈጥረው ባለቤት አንድ፣ ንባብ የሚያስገባው ሌላ፣ ሪፖርት የሚያወጣው ደግሞ ሌላ ይሁን። የሚያስገባው ተጠቃሚ የመሰረዝና የማሻሻል ፈቃድ ሊኖረው አይገባም፤ አንድ ሰው ከዓመታት በኋላ «ይህ ቁጥር አልተነካም?» ብሎ ሲጠይቅህ በልበ ሙሉነት የምትመልሰው በዚህ ነው። የይለፍ ቃሉን በፕሮግራሙ ኮድ ውስጥ ከመጻፍ ይልቅ በይለፍ ቃል ፋይል አስቀምጠው፤ በሊነክስ ላይ የፋይሉ ፈቃድ 0600 (ባለቤቱ ብቻ የሚያነበውና የሚጽፍበት) ወይም ከዚያ የጠበቀ ካልሆነ ፖስትግሬስ ፋይሉን ችላ ብሎ እንደሚያልፈው ግን አትርሳ፤ ብዙ ሰው ምክንያቱን ፍለጋ የሚደክመው እዚህ ላይ ነው። ኢንክሪፕሽኑን፣ ማለትም መረጃው በመንገድ ላይ እንዳይነበብ መመስጠሩን በተመለከተ፣ ይህን የሚወስነው ኤስኤስኤል ሞድ የሚባለው ቅንብር ሳይነካ ሲቀር «ፕሪፈር» ላይ ይሆናል፤ ይህም ሰርቨሩ ኢንክሪፕሽን ከሌለው በግልጽ ጽሑፍ ለመላክ ይስማማል ማለት ነው። አንተ «ቬሪፋይ ፉል» አድርገው፤ ያኔ የሰርቨሩን ማንነት የሚያረጋግጠው ሰርቲፊኬትም የሰርቨሩ ስምም ይጣራሉ።

አሁን ወደ መቋረጡ ልምጣ። ከሁሉ የሚከፋው ምልክት ሳይሰጥ የሚሞተው ግንኙነት ነው። በመሀል ያለ ፋየርዎል (የኔትወርክ መተላለፊያን የሚቆጣጠር ዘብ) ለተወሰነ ጊዜ ምንም ያልተላለፈበትን ግንኙነት ለሁለቱም ወገን ሳይናገር ከመዝገቡ ሊያወጣው ይችላል፤ ሰብሳቢው ግን አሁንም የተገናኘ ይመስለዋል። በሊነክስ ላይ ኪፕአላይቭ የሚባለው፣ ግንኙነቱ በሕይወት መኖሩን የሚያጣራው ፍተሻ በራሱ ምርጫ የሚጀምረው ከ2 ሰዓት ዝምታ በኋላ ስለሆነ፣ በግንኙነቱ ቅንብር ውስጥ ወደ 60 ሰከንድ ያህል አውርደው። ለመገናኘት የሚጠበቀውንም ጊዜ ወስን፤ የፖስትግሬስ ደንበኛ ገደብ ካልተሰጠው በራሱ ተስፋ አይቆርጥም፤ 10 ሰከንድ ይበቃዋል።

ሰብሳቢው ንባቡን በቀጥታ ወደ ሩቁ ሰርቨር መላክ የለበትም። አስቀድሞ በራሱ ዲስክ ላይ፣ ለምሳሌ በኤስኪውላይት (በአንድ ፋይል ውስጥ የሚቀመጥ ትንሽ ዳታቤዝ) ፋይል ይጻፈው፤ ጎን ለጎን የሚሠራ ሌላ የፕሮግራሙ ክፍል ደግሞ ከዚያ ፋይል እያነሳ ወደ ሰርቨሩ ያሻግረው። ከፋይሉ የሚሰረዘውም ሰርቨሩ «ኮሚት» መደረጉን፣ ማለትም መረጃው በቋሚነት መመዝገቡን፣ ካረጋገጠ በኋላ ብቻ ይሁን። እዚህ ላይ አንድ ስስ ነገር አለ። ሰርቨሩ መረጃውን ተቀብሎ ኮሚት ካደረገ በኋላ ማረጋገጫው ሳይደርስ መስመሩ ቢቋረጥ፣ ሰብሳቢው እንዳልደረሰ ቆጥሮ ያንኑ ንባብ ደግሞ ይልካል። ስለዚህ የሴንሰሩ ቁጥርና የንባቡ ሰዓት በአንድነት ልዩ ቁልፍ ይሁኑ፤ የማስገቢያው ትእዛዝም የተደገመ ሲያገኝ ዝም ብሎ እንዲያልፍ «ኦን ኮንፍሊክት ዱ ናቲንግ» በሚለው ይጻፍ። ይህ ሲሆን ያለ ስጋት ደጋግመህ መላክ ትችላለህ። ድጋሚ ሙከራዎቹም 1፣ 2፣ 4 ሰከንድ እያሉ እስከ አንድ ደቂቃ ይራራቁ፤ አለዚያ ሰርቨሩ ተመልሶ በተነሣ ቅጽበት ሰብሳቢዎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጫኑታል።

መጠኑንም አብረን እናስላው። 500 ሴንሰሮች በየ10 ሰከንዱ ቢነበቡ በቀን 4,320,000 ረድፍ ይሆናል። ሰዓቱን፣ የሴንሰሩን ቁጥር፣ ዋጋውንና የጥራቱን ምልክት ብቻ የያዘ ረድፍ ከነፖስትግሬስ የውስጥ ምዝገባው 52 ባይት ገደማ ይወስዳል፤ በዓመት ኢንዴክሱን (ፍለጋን የሚያፋጥነውን ማውጫ) ሳይጨምር ከ80 ጊጋባይት በላይ ነው። የ3 ቀን መቋረጥን መቋቋም ብትፈልግ ደግሞ የሰብሳቢው ፋይል ወደ 13 ሚሊዮን ንባብ መያዝ አለበት። እያንዳንዱን ረድፍ ለብቻው ኮሚት ማድረግ ሰርቨሩን በየጊዜው ወደ ዲስክ እንዲጽፍ ስለሚያስገድደው፣ አንድ ሺህ ያህሉን በአንድነት ላክ፤ ልዩነቱን ወዲያው ታየዋለህ።

ስለ ሰዓት በጥብቅ እለምንሃለሁ፦ የጊዜ ቀጠናን በሚያውቀው «ታይምስታምፕ ቲዜድ» ዓይነት አስቀምጠው። ፖስትግሬስ ይህን በውስጡ በዩቲሲ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ የጋራ ሰዓት፣ ይይዘዋል። በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓት በሚቀየርባቸው አገሮች በአካባቢ ሰዓት የተጻፈ መዝገብ በአንደኛው ለውጥ አንዱን ሰዓት ሁለት ጊዜ ያሳያል፣ በሌላኛው ደግሞ አንዱን ይዘለዋል። ንባቡ የተወሰደበትንና ዳታቤዙ የደረሰበትን ሰዓት ለየብቻ ብትመዘግብ ረድፉ በ8 ባይት ያድጋል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ግን መቋረጦችህን ሁሉ ይነግርሃል።

ከሁሉ አብልጬ የምጨነቅበት ባዶ ቦታ ነው። በግራፍ ላይ ሌሊት ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ፍጹም ቀጥ ያለ መስመር ብታይ፣ ማሽኑ ረግቶ ነበር ወይስ ንባብ አልነበረም? ብዙዎቹ የግራፍ መሣሪያዎች ሁለት ነጥቦችን በመስመር ስለሚያያይዙ ዓይን ይህን አይለይም። አንዳንድ ሰብሳቢዎች ሴንሰሩ ሲጠፋባቸው ዜሮ ይጽፋሉ፣ ሌሎቹ የመጨረሻውን ዋጋ ይደግማሉ፤ ሁለቱም ውሸት ናቸው። የጥራት ምልክቱ ዓምድ «ትክክለኛ»፣ «አጠራጣሪ»፣ «ሴንሰሩ አልመለሰም» የሚሉትን በቁጥር ይያዝ፤ ዋጋው ካልተገኘ ዋጋው ባዶ ይሁን፣ ረድፉ ግን ይጻፍ። ያኔ ረድፉ ራሱ ከሌለ መስመሩ ወይም ሰብሳቢው እንደተቋረጠ፣ ረድፉ ኖሮ ዋጋው ከሌለ ደግሞ ሴንሰሩ እንደታመመ ታውቃለህ። የሴንሰሮቹ መለኪያ፣ የተተከሉበት ቦታና የተቀየሩበት ቀንም በሌላ ሰንጠረዥ ይመዝገብ፤ ባርም ይሁን ፓስካል ያልታወቀ ቁጥር ለማንም አይጠቅምም።

ሰንጠረዡን በወር በወር ከፋፍለው፤ ፖስትግሬስ ይህን ከሥሪት 10 ጀምሮ፣ ማለትም በፈረንጆቹ ከ2017 ወዲህ፣ በቀላሉ ይፈቅዳል። ያረጀ ወር ሲወገድ ሙሉውን ክፍል መጣል ቅጽበታዊ ነው፤ ሚሊዮን ረድፎችን በትእዛዝ መሰረዝ ግን ሰርቨሩን ለረጅም ጊዜ ያደክመዋል። ከመጣልህ በፊት በየሰዓቱ ጠቅልለህ አቆየው፤ ስትጠቀልል ታዲያ በአማካይ ብቻ አትርካ። ለ59 ደቂቃ 60 ዲግሪ የነበረ ማሽን ለአንድ ደቂቃ 120 ቢደርስ የሰዓቱ አማካይ 61 ይሆናል፤ ቃጠሎው ከመዝገብ ጠፋ ማለት ነው። ዛቢክስ የሚባለው የክትትል ሶፍትዌር የሰዓት ጥቅሉን ሲሠራ ዝቅተኛውን፣ አማካዩን፣ ከፍተኛውንና የንባቦቹን ብዛት አብሮ ይይዛል፤ አንተም እንዲሁ አድርግ።

ሥራው እንደ ተጠናቀቀ ከመቁጠርህ በፊት የኔትወርክ ገመዱን ራስህ ንቀለው፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ መልሰህ ሰካና የዚያን ሰዓት ረድፎች ቁጠር። 500ው ሴንሰሮች በየ10 ሰከንዱ የሚነበቡ ከሆነ 180,000 ረድፍ፣ ሳይጎድልም ሳይደገምም፣ ማግኘት አለብህ። ባክአፑንም (የዳታቤዙን መጠባበቂያ ቅጂ) በሌላ ሰርቨር ላይ መልሰህ ጫንና መከፈቱን እይ።

የሴንሰሮቹን ዝርዝርና እያንዳንዳቸው በየስንት ሰከንዱ እንደሚነበቡ ጽፈህ ላክልኝ፤ የሰንጠረዦቹን ንድፍና የሰብሳቢውን የመጀመሪያ ሥሪት አዘጋጅቼ እመልስልሃለሁ። የሶፍትዌሩ አሮጌ መረጃ መደምሰስ የሚጀምርበትን ቀን ግን እስከዚያው አራዝመው፤ አሁን ያለውንም ልናስገባው እንችላለንና።

አክባሪ ወዳጅህ