ልታልፋት የወረወረቻት ኳስ

ሆዴ፣

እንዴት ከርመሻል? ልጆቹስ? ድምፄን ከሰማሽ ሦስት ዓመት አለፈ። «ዛሬ ደግሞ ምን ትዝ አላት?» ብትይ አልፈርድብሽም። የምጽፍልሽ ሌሊት ነው፣ ቤቱ ሁሉ ተኝቷል። ስለ አንድ የኳስ ጨዋታ ልነግርሽ ነው። ወደ ዋናው ነገር የምደርሰው በሱ በኩል ስለሆነ ታገሺኝ።

ትልቋ ልጄ 12 ዓመት ሞላት። ሶፍትቦል ትጫወታለች። ቤዝቦል በፊልም ሳታዪ አትቀሪም፤ ሶፍትቦል የሱ ታናሽ እህት በዪው። ሜዳው ያንሳል፣ ኳሱ ይተልቃል፣ ቀለሙ ቢጫ ነው። ዋናው ልዩነት አወራወሩ ላይ ነው። ወርዋሪዋ ክንዷን እንደ መንኮራኩር አንዴ ታዞረውና ኳሱን ከታች፣ ከዳሌዋ አጠገብ ትለቀዋለች። በኮሌጅ ጨዋታ መቺዋ የምትቆመው 13 ሜትር ብቻ ርቃ ነው። ዓይንሽን ጨፍነሽ እስክትገልጪ ኳሱ ደርሷል።

በየዓመቱ 64 የኮሌጅ ቡድኖች ይጀምሩና የመጨረሻዎቹ ስምንቱ ኦክላሆማ ሲቲ ይገናኛሉ። ከዳላስ ሦስት ሰዓት መንዳት ነው። ልጄ ወሩን ሙሉ ስትለምነኝ ከርማ ግንቦት 27 ቀን 2017 ይዣት ሄድኩ፤ የፍጻሜው የመጀመሪያ ጨዋታ ነበር። ከሦስት ሁለቱን ያሸነፈ ነው ዋንጫውን የሚወስደው። ዴቨን ፓርክ ይባላል ሜዳው፤ 13 ሺህ ሰው ገደማ ይይዛል። አንቺዬ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ የመጣው ሴት ልጆች ሲጫወቱ ለማየት ነው! ነጭ ጸጉር ያላቸው ሽማግሌዎች የተጫዋቾቹን ስም አንድ በአንድ ይጠራሉ። እኔና አንቺን «ሴት ልጅ ምን ያንቀለቅላታል» እያሉ ከሜዳ ሲያባርሩን ትዝ አለኝና እንባዬ መጣ።

የዚያን ቀን የገጠሙት ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲና ቴክሳስ ቴክ ናቸው። ቴክ እዚህ ደረጃ ሲደርስ ገና የመጀመሪያው ነበር። በግማሽ ፍጻሜው ደግሞ በፈረንጆቹ ከ2021 እስከ 2024 አራት ዓመት በተከታታይ ዋንጫ የወሰደውን ኦክላሆማን 3 ለ 2 አሸንፎ ነው የመጣው። ወርዋሪያቸው ኒጃሪ ካናዲ ትባላለች። ለዚያ አንድ ዓመት 1,050,024 ዶላር ተፈርሞላት ነበር። መጨረሻ ላይ ያለችው 24 ዶላር የማልያዋ ቁጥር ናት። ልጄ ክፍሏ ግድግዳ ላይ የለጠፈችው የሷን ፎቶ ነው።

እስከ ስድስተኛው ዙር ቴክ 1 ለ 0 ይመራ ነበር። ሁለት የቴክሳስ ልጆች ወደ ነጥብ ለመሮጥ ቤዝ ላይ፣ ማለትም ሯጮች የሚያርፉበት ምልክት ላይ ቆመዋል። ሪስ አትውድ የምትባለዋ አደገኛ መቺ ዱላዋን ይዛ መጣች። እንዲህ ሲሆን መቺዋን ማለፍ የተለመደ ነው፤ ሆን ብለሽ ኳሱን አርቀሽ ትወረውሪና በነጻ አንደኛ ቤዝ ትሄዳለች፣ ከሚቀጥለዋ ጋር ትጫወቻለሽ። ካናዲም ልታልፋት ፈልጋ ነው የወረወረችው። ኳሷ ግን በደንብ አልራቀችም። አትውድ ተንጠራርታ መታቻት። ሁለቱም ሮጠው ገቡ፤ 2 ለ 1። አለቀ። ልጄ እጄን ጨምድዳ ይዛ «እማ፣ ልትተዋት ነበር እኮ» አለችኝ።

ሁለተኛውን ቴክ 4 ለ 3 አሸነፈ። ሦስተኛውን ዓርብ ማታ ቤታችን ሆነን አየን። ካናዲ ኦክላሆማ ሲቲ ከገባች ጀምሮ አምስት ጨዋታ ሙሉ አንዲት ኳስ እንኳ ለሌላ ወርዋሪ ሳትሰጥ ለብቻዋ ወርውራለች። በዚህኛው ግን በመጀመሪያው ዙር አምስት ነጥብ ገባባትና ተቀየረች። አንጀቴን በላችው። በቴክሳስ በኩል ደግሞ ሚያ ስኮት የምትባል ልጅ የጉልበቷ ጅማት ተበጥሶ ነበር የምትጫወተው፤ ይህ የታወቀው ከጨዋታው በኋላ ነው። በዚያ ጉልበቷ አራት ነጥብ በአንድ ምት አመጣች። 10 ለ 4 አለቀ። ቴክሳስ በ2022ም በ2024ም ፍጻሜ ደርሶ የተሸነፈ ነው። የመጀመሪያ ዋንጫው ይህ ነው፤ ይገባቸዋል።

እኔ ግን ያቺ ያልራቀች ኳስ ከዓይኔ አልጠፋ አለች።

እማማ ያረፉ ጊዜ በቴሌግራም ነው የሰማሁት። ስልኩን አንስቼ ቁጥርሽን አወጣሁ። ምን ልበላት? አልኩ። ነገ ልቤ ሲረጋ እደውላለሁ አልኩ። ነገ ሌላ ነገ ወለደ። አርባቸው አለፈ፣ ሙት ዓመታቸው አለፈ። ከዚያ በኋላማ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነ። ስምሽ ስልኬ ላይ ብቅ ሲል እንኳ ቶሎ እዘጋው ነበር። እኔም ላልፍሽ ነበር። እናትሽ እናቴም ነበሩ፣ ለቅሶ ሳልደርስሽ ቀረሁ። ምንም ሰበብ የለኝም። ይቅር በይኝ።

ጉለሌ ፔፕሲ ስንጫወት የካልሲ ኳሳችንን የሚሰፉልን እሳቸው አልነበሩ? ደጃፍ ላይ በርጩማቸው ላይ ቁጭ ብለው፣ መርፌውን በጥርሳቸው ይዘው፣ ጨርቁን በአውራ ጣታቸው ጠቅ ጠቅ ያደርጉት ነበር። አንቺ ስትወረውሪማ መሐል መግባት ማን ይደፍር ነበር! ጀርባዬ ላይ ያረፈችው አሁንም ትሰማኛለች። ለልጄ ስለ ክንድሽ ነግሬያታለሁ። «አሁንም ትወረውራለች?» ብላ ጠየቀችኝ።

ቅዳሜ በእናንተ ከምሽቱ 2 ሰዓት እደውላለሁ። ካላነሳሽው እሑድም እደውላለሁ። መቆጣትም ካለብሽ ተቆጪኝ፣ እሰማሻለሁ።

ባለፈው ሳምንት ለልጄ እንደዚያች ዓይነት ኳስ ልሠራላት አሮጌ ካልሲ ፈለግሁ። መጠቅጠቁን አላጣሁትም። አፏን ስሰፋው ግን ደጋግሞ ተፈታብኝ። እማማ መጀመሪያ ክሩን በምን ያሹት ነበር? በሰም ነው በሻማ? አንቺ ሳታስታውሺው አትቀሪም።

ሁልጊዜ የምወድሽ፣
እህትሽ